ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይስ ሐይቅ? ለጤናና ለመንፈስ የሚስማማ መኖሪያ ስለመምረጥ

ወሎ ውስጥ ሊኖር ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ኪራይ ስንት እንደሆነና ሥራ እንዳለ ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ከሁለቱም በፊት ግን ቦታው ስንት ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ መጠየቅ አለበት። እንቅልፋችሁን፣ ትንፋሻችሁን፣ የምትለብሱትን፣ ድስት የምትጥዱበትን ሰዓት፣ አጎበር መግዛት አለመግዛታችሁን ሳይቀር የሚወስነው እሱ ነው።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወደ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ሲወረድ ከፍታው 1,850 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። አየሩ በየ100 ሜትሩ ከፍታ 0.6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ በሁለቱ ከተሞች መካከል የ4 ዲግሪ ልዩነት አለ። ሲነገር ትንሽ ይመስላል፤ ሌሊት ላይ ግን አንድ ብርድ ልብስ ይበቃል ወይስ ሦስት ያስፈልጋል የሚለውን የሚለየው ይኸው ነው። ወልድያ 2,100፣ ሐይቅ 2,000 ገደማ፣ ላሊበላ እንደ ደሴ 2,500 አካባቢ ሲሆኑ ከሚሴ፣ ባቲና ቆቦ 1,500 ሜትር ግድም ላይ ይገኛሉ። ደጋውና ቆላው እንዲህ ተቀራርበው የሚገኙበት አገር ብዙ አይደለም። የአንዱ አየር ያልተስማማው ሰው ከዘመዱም፣ በወሎ ቅሬ ከሚባለው የሰፈር ዕድሩም ሳይርቅ ሌላውን መሞከር ይችላል።

የእኔ ምክር አንድ ነው፤ ቦታን በክፉ ወሩ መዝኑት። አደይ አበባ በፈነዳበት በመስከረም የጦሳን ተራራ ያየ ሰው ደሴን ይወዳታል፤ የሚኖረው ግን በሐምሌ ጉምና ጭቃ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርድም ጭምር ነው። ኮምቦልቻ በጥር ደስ ትላለች፤ ፈተናዋ የግንቦትና የሰኔ ሙቀት፣ ከዚያም ዝናቡ ሲያባራ የሚመጣው የወባ ወቅት ነው። ላሊበላን በገና ሰሞን ያየ ሰው የከተማዋን የአዘቦት ኑሮ አላየም። ስለዚህ ቤት ከመግዛት ወይም የረጅም ጊዜ ውል ከመፈረም በፊት ክፉ በተባለው ወር አንድ ክፍል ተከራይቶ ሦስት አራት ሳምንት መኖር ከማንም ምክር ይበልጣል።

በዚያ ወር ምን ልመልከት ለሚል፣ ደብተር ይዛችሁ በየቀኑ አራት ነገር ጻፉ፤ ስንት ሰዓት እንደተኛችሁ፣ ሌሊት ስንቴ እንደነቃችሁ፣ ምን ያህል በእግራችሁ እንደሄዳችሁ፣ ቤታችሁ ውስጥ ካሉት ሌላ ከስንት ሰው ጋር ቁጭ ብላችሁ እንዳወራችሁ። የመጀመሪያዎቹን አራት አምስት ቀናት አትቁጠሯቸው፤ ሰውነት እስኪለምድ ነው። ከዚያ በኋላም እንቅልፋችሁ ካልተስተካከለ ወይ ቤቱ ወይ ሰፈሩ ወይ አየሩ አልተስማማችሁም፤ የትኛው እንደሆነ መለየት ይገባል።

ከቆቦ ወይም ከባቲ ወደ ደሴ የወጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራስ ምታት፣ ዳገት ላይ ትንፋሽ ማጠር፣ የተቆራረጠ እንቅልፍ ሊገጥመው ይችላል። በ2,500 ሜትር የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ያንሳል። ሁለት ሦስት ቀን ከባድ ሸክምና ፈጣን ዳገት ትቶ ውሃ እየጠጡ መሰንበት አብዛኛውን ሰው ያስተካክላል። የልብ ድካም ወይም የቆየ የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ግን ወደ ደሴ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ወገል ጤና ከተማ ከመውጣቱ በፊት ሐኪሙን ማማከር አለበት። አስም ያለባቸውን የሚያስነሳባቸው ይለያያል፤ አንዱን የደጋ ብርድና የሻጋታ ቤት፣ ሌላውን የኮምቦልቻ አቧራና የከባድ መኪና ጭስ ይጎዳዋል። ለጉልበት ሕመምተኛ ደግሞ የደሴ ዳገትና ደረጃ ከአየሩ በላይ ነው። ለአዛውንት እናትና አባት ቤት ስትፈልጉ ከበሩ እስከ ታክሲው ወይም ባጃጁ መቆሚያ ያለውን መንገድ ራሳችሁ በዝናብ ቀን ሂዱበት፤ ድንጋይ ንጣፉ ሲረጥብ የሚያዳልጥ ከሆነ ያ ቤት ለእነሱ አይሆንም።

ከፍታው ድስቱንም ይነካል። ውሃ ደሴ ላይ 92 ዲግሪ ገደማ፣ ኮምቦልቻ ላይ 94 ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ሽምብራና ባቄላ ደሴ ላይ እንቢ የሚሉት ከዚህ የተነሣ ነው። ከዋዜማው ዘፍዝፎ ማደርና በፕሬሸር ድስት መቀቀል ከሰሉንም መብራቱንም ይቆጥባል።

ከ2,000 ሜትር በታች ለሚገባ ሰው ወባ የኑሮው አካል ነው፤ ሞቃት ዓመት ሲመጣ ከዚያ በላይም ትወጣለች። ዋናው ወቅት ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ነው፤ የበልጉን ዝናብ ተከትሎም ሁለተኛ ዙር አለ። ደጋ ያደገ ሰው ለወባ የዳበረ መከላከያ ስለማይኖረው ኮምቦልቻ፣ ሐርቡ ወይም ከሚሴ ሲወርድ ከነባሩ ይልቅ በርትታ ትጥለዋለች። አጎበሩ ፍራሽ ሥር የሚገባ ርዝመት ይኑረው፤ ሲታጠብ በለስላሳ ሳሙና ይታጠብና ጥላ ላይ ይሰጣ፤ ፀሐይ መድኃኒቱን ያጠፋዋል። መስኮት ላይ ወንፊት ሽቦ አድርጉ። ትንኟ ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር አንድ ሳምንት ተኩል ያህል ስለሚበቃት በግቢው ዙሪያ የታቆረ ውሃ በየሳምንቱ መፍሰስ አለበት፤ በየወሩ ማጽዳት ምንም አይጠቅምም። ትኩሳት ሲጀምር በ24 ሰዓት ውስጥ ደም መመርመር ነው። «ብርድ ነው፣ ያልፋል» እያሉ ሦስት ቀን መተኛት ነፍሰ ጡርንና ከ5 ዓመት በታች ያለን ሕፃን ይገድላል።

ስኳር ሕመም ኖሮባቸው ኢንሱሊን የሚወስዱ ሰዎች ቆላ ሲወርዱ አንድ ተጨማሪ ነገር ማሰብ አለባቸው። የተከፈተ ብልቃጥ ከ30 ዲግሪ በታች ከተቀመጠ ለ4 ሳምንት ገደማ ይቆያል፤ ቆቦ ወይም ከሚሴ በግንቦት ቀትር ቤት ውስጥ ከዚያ በላይ ይሞቃል። መብራት የሚቆራረጥበት ሰፈር ከሆነ ፍሪጅ ላይ ብቻ አትተማመኑ። ሸክላ ማሰሮን በሌላ ሰፋ ባለ ሸክላ ውስጥ ከትቶ በመካከላቸው አሸዋ መሙላትና አሸዋውን ጧትና ማታ ማርጠብ ሙቀቱን ዝቅ ያደርገዋል፤ ብልቃጡ ግን ውሃ እንዳይነካው በላስቲክ ይጠቅለል።

አሁን ወደ ቤቱ። ሰው ብዙ ጊዜ አየሩ አልተስማማኝም የሚለው ቤቱ አልተስማማው ሆኖ ነው፤ ደሴ ላይ ይሄ እጅግ የተለመደ ነው። ቤት ስታዩ መጀመሪያ አልጋ የሚቆምበትን ግድግዳ በመዳፋችሁ ዳስሱት። ቀዝቃዛ መሆኑ አያስደነግጥም፤ እጃችሁ ላይ ርጥበት ከቀረ ግን ችግር አለ። ዝቅ ብላችሁ ከወለሉ እስከ ጉልበት ያለውን ክፍል እዩ፤ ቀለሙ ተልጦ ነጭ ጨው መሰል ዱቄት ካወጣ ውሃ ከመሠረቱ እየተሳበ ነው። ከታች ብቻ አዲስ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ሲገጥማችሁ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ኮርኒሱ ቺፕውድ ከሆነ ቡናማ ክብ ክብ ምልክት ፈልጉ፤ ክቡ ከአንድ በላይ ከሆነ ጣራው ያፈሰሰው አንድ ክረምት ብቻ አይደለም። ቁም ሳጥኑን ከፍታችሁ አሽትቱ። የሻጋታ ሽታ ካለ ልብሳችሁም ሳንባችሁም ያንኑ ይስባል። ውጭ ወጥታችሁ አሸንዳው የት እንደሚያፈስ ተመልከቱ፤ ግድግዳው ሥር የሚያፈስ ከሆነ የውስጡ ርጥበት ምክንያት እሱ ነው፤ ቱቦ ቀጥሎ ውሃውን ሜትር ተኩል ያህል ማራቅ ብዙ ጊዜ በቂ መፍትሔ ነው። ይህን አከራዩ ከመግባታችሁ በፊት እንዲያሠራ ጠይቁ፤ ከገባችሁ በኋላ አይሠራም።

ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ደሴ ላይ ሌሊት ሙቀቱን አውጥቶ ይጨርስና የትንፋሻችሁን እንፋሎት ወደ ጠብታ ለውጦ ይመልስላችኋል። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ቀን ሙሉ ያነደው ቆርቆሮ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ሙቀቱን ይለቅባችኋል። ለሁለቱም ኮርኒስ ነው መፍትሔው፤ ኮምቦልቻ ላይ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ይጨመርበታል። በደንብ የተሠራ የጭቃ ግድግዳ ውፍረት ስላለው ደሴ ላይ ከባዶ ብሎኬት ይልቅ ይሞቃል፤ ብሎኬት ስለሆነ ብቻ ተጨማሪ ኪራይ መክፈል ለሙቀት ብላችሁ ከሆነ አያዋጣም።

የመስኮቱ አቅጣጫም ዋጋ አለው። ወሎ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ቀትር ላይ ሳይቀር ወደ ደቡብ አዘንብላ ታልፋለች። ደሴ ላይ መስኮቱ ወደ ደቡብ ወይም ወደ ምሥራቅ የሆነ ክፍል በብርዱ ወራት ፀሐይ ያገኛል። ጦሳ በምዕራብ በኩል ስለቆመ ሥሩ የተጠጉ ቤቶች ከሰዓት በኋላ ቶሎ ይጠልልባቸዋል፤ ለእነዚህ የጧቱ ፀሐይ ወሳኝ ነው። የጧት ብርሃን የሰውነትን ሰዓት ያስተካክላል፤ ክረምት ሲገባ መንፈሱ የሚጨልምበት ሰው ጨለማ ክፍል በርካሽ ከመከራየት ጠበብ ያለ ብሩህ ክፍል ቢመርጥ ይሻለዋል። ኮምቦልቻ ላይ ግን ወደ ምዕራብ የሚያይ መኝታ ቤት አትያዙ።

ደሴ ላይ ብርድ ሲበረታ ከሰል አቀጣጥሎ መኝታ ቤት ማስገባት ሰው ይገድላል። «ጭሱ አልቆ ፍም ሲሆን ችግር የለውም» የሚለው ፈጽሞ ስሕተት ነው፤ መርዙ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ነው፤ ከፍሙ ይወጣል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድብታ ይዞ ይጀምራል፤ የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቅ ያልፋል። ቡና የፈላበት ምድጃም ቢሆን ከመተኛት በፊት ከቤት ይውጣ። ለሙቀት በርኖስና ጋቢ፣ ሙቅ ውሃ ተሞልቶ በጨርቅ የተጠቀለለ ኮዳ፣ በበር ሥር የሚገባውን ነፋስ የሚዘጋ ጨርቅ ይበቃሉ።

መሬቱን ሳታዩ ቤቱን ብቻ አትዩ። ደሴ በገደልና በተራራ መካከል የተቀመጠች ስለሆነች አንዳንድ ተዳፋቷ ላይ መሬት ይንሸራተታል። ግድግዳ ላይ እንደ ደረጃ እየተሰበረ የሚወጣ ስንጥቅ፣ በክረምት ብቻ አልዘጋ የሚል በር፣ የተዘመመ የመብራት ምሰሶ፣ ሆዱን የገፋ ድጋፍ ግንብ፣ ዝናብ ካለፈ በኋላ አዲስ የፈለቀ ውሃ፣ ከእነዚህ ሁለቱን አንድ ላይ ካያችሁ ቤቱን ተዉት። ኮምቦልቻ ላይ የቦርከና ወንዝንና የገባሮቹን ዳር ተጠንቀቁ፤ ለረጅም ጊዜ የኖረ ጎረቤት ውሃው እስከ የት እንደደረሰ ግድግዳ ላይ ያሳያችኋል። አካባቢው የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ስለሆነ የመሬት መንቀጥቀጥም አለ። በ1953 ዓ.ም. ከከሚሴ በስተደቡብ ካራ ቆሬ አካባቢ የተነሣው የመጀቴን ከተማ ክፉኛ ጎድቷል። በጭቃ የተያያዘ ከባድ የድንጋይ ግድግዳ ሥር አልጋ ከማድረግ ተቆጠቡ።

ውሃ በፈረቃ ከሆነ በስንት ቀን እንደሚመጣ ከአከራዩ ሳይሆን ጄሪካን ይዞ ከሚሄድ ልጅ ጠይቁ። አንድ ሰው ለመጠጥ፣ ለምግብ፣ ለገላና ለልብስ በቁጠባ 40 ሊትር በቀን ያስፈልገዋል። አራት ሰው በሳምንት 1,120 ሊትር ማለት ነው፤ ውሃ በሳምንት አንዴ የሚመጣ ከሆነ የ1,000 ሊትሩ ሮቶ ብቻውን አይበቃም። በጄሪካን ሲታሰብ ባለ 20 ሊትር 56 ጄሪካን ይሆናል፤ እያንዳንዱ 20 ኪሎ ነው፤ ዳገት ላይ ለሚኖር ቤተሰብ ይህ የወገብ ጉዳይ ነው። ሮቶው ሦስት ሜትር ከፍ ቢል የሚሰጠው ግፊት 0.3 ባር ብቻ ስለሆነ ቅጽበታዊ የውሃ ማሞቂያ ብዙ ጊዜ በዚያ አይነሳም፤ ሻወር አለው ተብላችሁ ከፍ ያለ ኪራይ ከመክፈላችሁ በፊት ከፍታችሁ ሞክሩት።

መብራት ላይ ዋናው ጥያቄ ቆጣሪው የግል ነው ወይስ የጋራ የሚለው ነው። ታሪፉ ፍጆታ ሲጨምር በደረጃ ከፍ ስለሚል አራት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሁሉም ከሚገባው በላይ ይከፍላል፤ የጎረቤት ጠብም ከዚሁ ይነሳል። የእንጀራ ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይስባል፤ ይህ 16 እስከ 18 አምፔር ነው። ቀጭን የመብራት ሽቦ ላይ ከተሰካ ይግላል፤ 4 ካሬ (4 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው) ሽቦና የራሱ ብሬከር ይኑረው።

እስካሁን ስለ አየርና ስለ ግድግዳ ብዙ ተናገርኩ፤ ሰውን በደኅና የሚያኖረው ግን ሰው ነው። ወሎ በዚህ በኩል ታድሏል። ቡናው ጎረቤት ይጠራል፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ሰርግና ለቅሶ ይካፈላል። አዲስ ገቢ ሆናችሁ ግን ሰው እስኪጠራችሁ ድረስ ቤታችሁን ዘግታችሁ አትጠብቁ። በገባችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ቡና አፍሉና ጎረቤት ጥሩ። የሰፈሩን ቅሬ ሰብሳቢ ፈልጋችሁ የመግቢያውን፣ የወር መዋጮውንና የግዴታውን ደንብ ጠይቁ፤ ለቅሶ ላይ መገኘት ከገንዘቡ ይበልጣል። ተከራይ የማይቀበል ቅሬ ካለ ደግሞ የሚቀበለውን በአቅራቢያው ፈልጉ። ቅሬ የሌለው ሰው ሲታመም የሚያነሳው አያገኝም።

ቡናው በቀን ሦስቴ ሲሆን እንቅልፍ ይነካል። ካፌይን ግማሹ ከደም ለመውጣት አምስት ስድስት ሰዓት ይፈጅበታል። እንቅልፍ የሚያስቸግረው ሰው ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ያለውን ቡና አቦሉን ብቻ ቀምሶ ወይም ጭርሱን ትቶ ጨዋታውን ይካፈል፤ «ሐኪም ከልክሎኛል» ሲባል ማንም አይቀየምም። ጫት ለመተው የወሰነ ሰው ደግሞ ከጎረቤቱ ክፍል በየቀኑ የሚቃምበት ግቢ ውስጥ አይከራይ፤ ውሳኔን ከሚሰብሩት ነገሮች ዋናው ይህ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቤት ማየት ይህን በደንብ ያሳያል።

ድምፅም እንዲሁ። የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ የሚያጽናናው ሰው አለ፤ በሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ነርስ ግን ከማጉያው ትይዩ ክፍል ቢይዝ ያለ እንቅልፍ ይከርማል። ኮምቦልቻ ወደ ባቲና ሚሌ የሚታጠፈው መንገድ ስላለባት ዋናው መንገድ ዳር ያሉ ክፍሎች ሌሊት ሁሉ የከባድ መኪና ፍሬን ይሰማሉ፤ ሁለት መንገድ ወደ ውስጥ መግባት ብቻውን ይበቃል። ገበያ የሚቆምበት ሰፈር ከሆነም በገበያ ቀን እዩት፤ ባቲ ሰኞ፣ ላሊበላ ቅዳሜ ነው። ሐይቅ ከሁሉም ጸጥ ያለች ናት፤ የሐይቁ ዳር የእግር መንገድ መንፈስ ያረጋጋል። ዘወትር ሐኪም የሚያስፈልገው ሰው ግን ደሴ ሆስፒታል ለመድረስ 30 ኪሎ ሜትር ያህል መሄድ እንዳለበት፣ በሌሊት ደግሞ መኪና እንዴት እንደሚያገኝ አስቀድሞ ያስብ። የመንገዱን የጸጥታ ሁኔታም በዚያው ጠይቁ።

ሁሉም ተስማምቶ ሲያበቃ ውሉን በጽሑፍ አድርጉ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ ቢያንስ 2 ዓመት እንዲሆን፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በክልል ሥራ ላይ የሚውለው ክልሉ በሚሰይማቸው ከተሞች ስለሆነ የምትገቡበትን ከተማ ቤቶች ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ውሉ ላይ የቆጣሪውን ንባብ፣ የውሃውን ፈረቃ፣ አከራዩ የሚያሠራውን አሸንዳና ኮርኒስ በስሙ አስጽፉ። የድሮ ቤታችሁን ግን ክፉው ወር እስኪያልፍ አትልቀቁ፤ ከቀድሞው ቀበሌ መሸኛ የምታወጡት ከዚያ በኋላ ይሁን።